የመድኃኒት ሽፋን ችሮታ ሳይሆን የላብ ዋጋ ነው

ሠርቶ አደሩ ካለው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ጤንነቱ ነው። ስለዚህም የመድኃኒት ጥያቄ ከእንጀራ ጥያቄ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ዛሬ የምንመረምረው በአሜሪካ በአሠሪዎች በኩል የሚሰጠው የጤና መድን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚሸፍንበትን አሠራር ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን በዚህ መድን ሥር የሚገኙ በመሆናቸው ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

በቅድሚያ አመጣጡን እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የአሜሪካ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን በሕግ በመገደቡ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና መድን ማቅረብን አስፋፉ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግም አሠሪው ለመድኑ የሚከፍለው ገንዘብ ከሠራተኛው የገቢ ግብር ነፃ መሆኑን አጸና። ከዚህ የምንረዳው ዐቢይ ቁም ነገር መድኑ በደመወዝ ፈንታ የመጣ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ የመድን ካርድ መያዝ ብቻውን መድኃኒት ማግኘት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መድን የሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩም በእርከን የተከፋፈለ ነው። በዝቅተኛው እርከን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጄኔሪክ፣ ማለትም የመጀመሪያው አምራች ብቸኛ መብት ካበቃ በኋላ በሌሎች የሚመረተውና ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ ያው የሆነው መድኃኒት ነው። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሠራተኛው ክፍያ ይጨምራል። አንዳንዱ መድኃኒት ያለ መድኑ የቅድሚያ ፈቃድ አይሸፈንም፤ ሌላው ደግሞ ርካሹ ተሞክሮ አለመሥራቱ ካልተረጋገጠ አይፈቀድም። በዚህም ሳቢያ መዋጮው ከደመወዙ እየተቆረጠ፣ ሐኪሙም አዞለት እያለ፣ ከፋርማሲው ባዶ እጁን የሚመለስ ሠራተኛ አለ።

ዝርዝሩን በአብዛኛው የሚያዘጋጁት በመድኑና በመድኃኒት አምራቹ መካከል የቆሙ ድርጅቶች ናቸው። ሦስቱ ትላልቅ፣ ማለትም ሲቪኤስ ኬርማርክ፣ ኤክስፕረስ ስክሪፕትስና ኦፕተም አርኤክስ፣ በ2023 በአገሪቱ ከተስተናገዱት የመድኃኒት ማዘዣዎች 80 በመቶ ያህሉን መያዛቸውን የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። እነዚህ ድርጅቶች ከአምራቹ የዋጋ ተመላሽ ይቀበላሉ። ለምሳሌ ያህል፣ የመድኃኒቱ ዋጋ 400 ዶላር፣ ተመላሹ 150 ዶላር ነው እንበል። ሠራተኛው 25 በመቶ እንዲከፍል ከተደነገገ ብዙውን ጊዜ የሚሰላበት ከ400ው ስለሆነ 100 ዶላር ይከፍላል። ከተጣራው 250 ዶላር ቢሰላ ግን ድርሻው 62 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ በሆነ ነበር። ልዩነቱ የሚወጣው ከታመመው ሰው ኪስ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ከዚህ አኳያ ሠራተኛው መብቱን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ያለ መድን በጥሬ ገንዘብ መግዛቱ የሚረክስ ሲሆን ፋርማሲስቱ ይህን እንዳይናገር የሚያግድ ውል በ2018 በወጣ ሕግ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ይጠይቅ። ሽፋን የተከለከለ ሠራተኛ ውሳኔው በደረሰው በ180 ቀናት ውስጥ ለመድኑ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግም ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ከመድኑ ውጪ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲመረምረው በር ከፍቷል። ሐኪሙም መድኃኒቱ አስፈላጊ የሆነበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል።

የእድሩን ደንብ ሳያውቅ መዋጮ የሚከፍል አባል ከመካከላችን አይገኝም። ለቀብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ ለሕይወት ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል። አብዛኛውን ጊዜ በመፀው ወራት የመድን ምርጫ ሲከፈት ሠራተኛው የሚወስደው መድኃኒት በየትኛው እርከን እንዳለ አስቀድሞ ይመርምር፤ ቋንቋው የሚያውቅ ለማያውቀው ያንብብለት፤ የሠራተኛ ማኅበር ያላቸውም ጥያቄውን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ያቅርቡት። በላብ የተከፈለበት መብት በዝምታ ሊባክን አይገባም!