አዲስ ዳሌ በቆየ ሰውነት

የዳሌ መገጣጠሚያቸው የተቀየረላቸውን ሰው ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ገና ከበሩ ሳያልፍ «አሁንስ ተሻለዎት?» ይላል። ታማሚዋም «ተመስገን» ብለው ያልፉታል። ከባዱ ቡናው ከተፈላ በኋላ የሚመጣው ነው፦ «የእገሌ እናት እኮ በወራቸው ገበያ ወጡ፤ እርስዎ እስካሁን በምርኩዝ?» እንግዳው ክፋት የለበትም፤ ማበረታታቱ ነው። እሳቸው ግን ያን ሌሊት በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ጣሪያ ጣሪያ ሲያዩ ያድራሉ። ቀዶ ሕክምናው አልያዘላቸው ይሆን?

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ምን እንደተሠራ፣ ቀጥሎም የትኛው ሕመም የመዳን እንደሆነና የትኛው የአደጋ ምልክት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሊታገሠው የሚገባውን ሕመም ይፈራል፣ ሐኪም ዘንድ ሊሮጥበት የሚገባውን ይታገሣል።

የጭን አጥንት አናቱ ላይ ክብ ራስ አለው። ይህ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ ሁለቱንም ልስልስ ያለ ልም አጥንት ያለብሳቸዋል። ሽፋኑ በዕድሜ ወይም በቆየ ጉዳት ሲያልቅ፣ ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ ሲሞት፣ ወይም አረጋውያን ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት ሲሰበር ሐኪሙ ራሱን ቆርጦ ያወጣዋል። በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የብረት ግንድ ይተክላል፤ በግንዱ ጫፍ የብረት ወይም የሴራሚክ ኳስ ይገጥማል፤ ጎድጓዳውንም ጠርቦ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ ጽዋ ያስቀምጥበታል። ግንዱ በሲሚንቶ ይጣበቃል፤ አለዚያም ሸካራ ሆኖ ይሠራና የሰውየው አጥንት ራሱ አድጎ እስኪይዘው ይጠበቃል።

ይህ ሥራ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ በሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል ነው። የአጥንት ሐኪሙ ጆን ቻርንሌይ በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጽዋውን ከቴፍሎን ሠራው፤ መጥበሻ የሚለበጥበት ያ የሚያዳልጥ ነገር ማለት ነው። የታማሚዎቹ ሕመም ወዲያው ጠፋ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ቴፍሎኑ ተበላ፤ ብናኙም ዙሪያውን ያለውን ሥጋ አስቆጣው። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች እንዲህ ተሠርቶላቸው ስለነበር ቻርንሌይ ያስገባውን መልሶ ማውጣት ግድ ሆነበት። የብናኙን ጉዳት ለማረጋገጥም በገዛ ጭኑ ውስጥ ናሙና አስገብቶ ሥጋው እንዴት እንደሚቆጣ ተከታተለ።

መፍትሔው የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። በ1962 የፋብሪካ ማሽን ጥርሶች የሚሠሩበት ፕላስቲክ ሻጭ ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ቻርንሌይ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ጫን አድርጎ አየውና አይረባም አለ። የዎርክሾፑ ባለሙያ ሃሪ ክሬቨን ግን አለቃው ለጉዞ ሲወጣ ቁራጩን በመፈተኛ ማሽኑ ላይ አስሮ ሌት ተቀን አስፈተገው። ቻርንሌይ ሲመለስ ፕላስቲኩ ከመጤፍ የማይቆጠር ብቻ ነበር የተበላው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፖሊኤትሊን የተባለው ይህ ፕላስቲክ ሰው ላይ ዋለ፤ የተሻሻለው ዓይነቱ ዛሬም ያገለግላል። እኔ ስለዚህ መሣሪያ ሳስብ ከሐኪሙ ይልቅ ያ የዎርክሾፕ ሰው ነው የሚደንቀኝ።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2007 የዳሌ ቅየራን «የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና» ብሎታል። በዚሁ መጽሔት በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከመቶ ሰው ሠራሽ ዳሌዎች 58ቱ ገደማ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ግምቱን አስቀምጧል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሠቃየው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አይደለም። ተቆርጦ፣ ተለጥጦና ተሰፍቶ የከረመው ሥጋ ነው።

ከማደንዘዣው የነቃ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ነገር ይገረማል፤ ለዓመታት ብሽሽቱን ሲቀረጥፈው የኖረው ሕመም የለም። በቦታው የቁስል ሕመም ገብቷል። ይህ ሕመም በመጀመሪያው ቀን ልዝብ ሊሆን ይችላል፤ በጀርባ የተሰጠውና በቁስሉ ዙሪያ የተወጋው ማደንዘዣ ገና አልለቀቀምና። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲብስ ታማሚው «ትናንት ተሽሎኝ ነበር እኮ» ብሎ ይደነግጣል። የባሰበት ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ለቅቆ ነው። ከዚያም እብጠቱና የበለዘው ደም ወደ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ጭኑ ሲቆረጥ ቁርጭምጭሚቱ ለምን እንደጠቆረ ቤተሰቡ ግራ ይጋባል፤ ደሙ ወደ ታች ከመውረድ ሌላ ምሥጢር የለውም። እብጠቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጎጂ ጀግንነት አለን። ማስታገሻ ላለመውሰድ ጥርስ ነክሶ መቻል እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። ሕመም የበዛበት ሰው አይንቀሳቀስም፤ ካልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ደሙም በእግሩ ሥር ሊረጋ ይችላል። ማስታገሻ የሚሰጠው እንዲራመድ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪያይል ሳይጠብቁ በሰዓቱ መውሰድ፣ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መዋጥ ይሻላል። ፓራሲታሞል መሠረቱ ነው። እንደ ዲክሎፌናክ ያሉት ጨጓራና ኩላሊትን ስለሚነኩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መደራረብ አይገባም። ትራማዶልና መሰሎቹ ለአጭር ጊዜ ናቸው፤ ሆድ ያደርቃሉ፣ ራስ ያዞራሉ። የሆድ ድርቀቱ ከቁስሉ በላይ ያማረረው ሰው ብዙ ነውና ውኃና አትክልት ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ቁስሉ አካባቢ ማድረግም ያስታግሣል፤ በረዶው ቆዳውን እንዳይነካ፣ ፋሻውም እንዳይርስ ይጠንቀቁ።

አሁን ከወንበር አነሳሱን ልብ ብለን እንይ፤ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ይታያልና። ወንበሩ ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ይሁን። ታማሚው መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጋል፤ የተሠራውን እግር ወደፊት ይዘረጋል፤ ሁለቱን እጆቹን መደገፊያው ላይ ጫን አድርጎ በደኅናው እግር ይነሣል። በሁለት እጅ ይዞ የሚራመድበትን መደገፊያ (ዎከር) ስቦ አይነሣም፤ ዎከር ይገለበጣል። ቆሞ ጥቂት ይተነፍሳል፤ ራሱን ሊያዞረው ይችላልና። ከዚያ ዎከሩ፣ ቀጥሎ የተሠራው እግር፣ ቀጥሎ ደኅናው። ወደ አንድ ምርኩዝ ሲሸጋገር ምርኩዙ የሚያዘው በደኅናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው ተሳስቶ በታመመው በኩል ይይዘዋል። ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ የተሠራው።

ብዙ ሐኪሞች፣ በተለይ በኋላ በኩል ከፍተው የሚገቡት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ነገር ይከለክላሉ፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ እስኪሆን ማጠፍ፣ እግር ማነባበር፣ የእግር ጣትን ወደ ውስጥ ማዞር። ኳሱ ከጽዋው እንዳይወጣ ነው። ሕጉ ከፍ ያለ ወንበርና የሽንት ቤት መቀመጫ ላለው አገር ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን በርጩማው አለ፣ የመሬት ሽንት ቤት አለ፣ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ መቀመጥ አለ፣ ስግደት አለ። «በሞቴ፣ እዚህች አረፍ ይበሉ» ተብሎ ዱካ ሲቀርብ እንቢ ማለት ነውር ይመስላል፤ ግን እንቢ ማለት ነው። ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት ወንበሩን በትራስ ማስረዘም፣ ለሽንት ቤቱም መቀመጫ ያለው ወንበር ማሠራት ያስፈልጋል፤ ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። ስግደት በታመመ ሰው ላይ እንደማይጸና አባቶችም ሼኾችም ያውቁታልና ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ ይበቃል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ወደኋላ መመለስ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ታማሚው «አሁንስ ደኅና ነኝ» ባለበት ሰሞን፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ምርኩዙን ጥሎ ሰርግ ይሄዳል፣ ሦስት ፎቅ ይወጣል፤ በማግሥቱ እግሩ አብጦ፣ ጭኑ ተገትሮ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ይህ ውድቀት አይደለም። የተሠራበት ቆዳ ቢድንም ውስጡ ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ገና ደካማ ነው፤ ማነከሱም ከዚያው ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች የሚሉት ቀላል መለኪያ አለ፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣው ሕመም በማግሥቱም ካልቀነሰ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። መጠኑን ይቀንሱ፤ ፈጽሞ ግን አያቁሙ። አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት መተኛት ከሰርጉ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አንዳንዱም እግሩ የረዘመ ይመስለዋል። በሕመሙ ዘመን ተኮራምቶ የኖረው ጡንቻ እስኪለጠጥ ድረስ ነውና ለብዙዎች በወራት ውስጥ ይስተካከላል። ሲሚንቶ የሌለው ግንድ የተተከለለት ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ጭኑን ሊያመው ይችላል፤ አጥንቱ ግንዱን እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጃል። በጠባሳው ዙሪያ መደንዘዝ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት ሆድ መባስም አለ። የመጨረሻውን ማንም አይናገረውም፤ በተለይ ቤት አስተዳዳሪ የነበረች እናት ካልሲዋን ሰው ሲያለብሳት ያን ጊዜ የምታለቅሰው ከቁስሉ ሕመም አይደለም።

ስኮትላንዳዊው የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። በጥር 2018 ዳሌው ላይ የተደረገለት የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ሕመሙን አላስወገደለትም፤ ከዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ጫማና ካልሲ ማድረግ እንኳ እንደሚያመው ተናገረ። በዚያው በጥር 2019 የጭን አጥንቱ ራስ ተጠርቦ በብረት ቆብ ተሸፈነለት። ራሱ ተቆርጦ ከሚወጣበት ቅየራ ይለያል፤ ማገገሙ ግን ይቀራረባል። በጥቅምት አንትወርፕ ላይ ዋንጫ አነሣ። ብዙው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ወዲያው በኅዳር ግን ዳሌው አካባቢ አዲስ ጉዳት ገጠመውና የ2020ን የአውስትራሊያ ውድድር አስቀረው። እንደገና ተመልሶ እስከ 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ተጫወተ። በዘመኑ ያለው ሕክምና ሁሉ የነበረው ስፖርተኛ እንዲህ ወደፊትና ወደኋላ ካለ፣ ጎረቤት በወሯ ገበያ ስለወጣች መሸማቀቅ አያስፈልግም። በዕድሜም ቢሆን የእንግሊዝ ንግሥት እናት አንዱን ዳሌ በ95፣ ሌላውን ደግሞ በ97 ዓመታቸው አስቀይረው እስከ 101 ኖረዋል።

የማይታገሡት ሕመም ግን አለ። ድንገት «ቋ» ብሎ እግሩ ካጠረና ከዞረ፣ መቆምም ካቃተ፣ ውልቃት ነው። ይህን ወጌሻ እንዳይነካው። የወጌሻን ሙያ መናቄ አይደለም፤ እሱ የተማረው በሥጋና በአጥንት ላይ ነው። የብረት ግንድ የተተከለበትን ጭን መሳብ አጥንቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሆስፒታል በማደንዘዣ፣ ብዙ ጊዜም ሳይከፈት፣ ይመልሱታል። ባት ሲያብጥና ሲነካ ሲያም የረጋ ደም ይጠረጠራል፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ ጊዜ አይሰጥም። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ታዝዞ ከሆነ «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ የለም።

ትኩሳት፣ የቀላ ወይም መግል የያዘ ቁስል፣ ቀንሶ ቆይቶ በየቀኑ የሚጨምር ሕመም ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ጥፋት ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መጀመር ነው። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ተሕዋሲው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ተሕዋሲውን ይደብቀዋል፣ አይገድለውም። በጊዜ የተደረሰበት ታጥቦ ሊድን ይችላል፤ የዘገየው ብረቱን እስከ ማውጣት ያደርሳል።

በአገራችን ይህ ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው፤ መሣሪያው የሚገባው ከውጭ ነው፤ አቅም ያለው ሕንድ ወይም ቱርክ ሄዶ ይሠራና በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ፊዚዮቴራፒውና ክትትሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የትም ይሠሩ የት፣ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ በየት በኩል ተከፍቶ እንደተሠራና እስከ መቼ ምን ምን እንደተከለከለ በጽሑፍ ይሰጥዎት። ሁለተኛው፣ የተተከለው መሣሪያ ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነው። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ጽዋው ተበልቶ መቀየር ቢያስፈልግ፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው፤ ከልደት የምስክር ወረቀትዎ ጋር አብረው ያስቀምጡት።