ፖሊስ በሕግ ፊት፦ የተያዘ ሰው መብትና የጎረቤት ድርሻ

የፖሊስ ተጠያቂነት መሠረቱ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይሆንም። አንቀጽ 21 ቤተሰብና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

መብቱ በተግባር የሚከበረው ሰው ሲከታተለው ነው። አዲስ አበባ፣ መሪ አካባቢ አንድ ወጣት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቢያዝ፣ 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያው ጀምሮ ነው። ምግብ ይዞ ጣቢያ የሚሄድ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት የሚከተሉትን ይመዘግባል፦

• የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ
• የጣቢያውንና የመርማሪውን ስም
• ያዩ ምስክሮችን
• ጉዳት ካለ የሕክምና ማስረጃ

48ቱ ሰዓት ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ በተያዘ ሰው ላይ የሚፈጽመው ድብደባ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ያስቀጣል። የመብት ጥሰት አቤቱታ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይቀርባል፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) እንዲህ ያሉ ጥሰቶችን ሲመዘግብ የኖረ የሲቪል ድርጅት ነው።

ፖሊስን ራሱ ፖሊስ ብቻ የሚመረምርበት አሠራር በቂ አይደለም። ነጻ የአቤቱታ መርማሪ አካል እንዲቋቋም መጠየቅ የእያንዳንዱ ነዋሪ ድርሻ ነው።