ባንዱ ማን ይባል?

አምቦ ላይ አራት ወጣቶች ጊታርና ድራም ይዘው ቢሰባሰቡ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የሚነሳው በዜማው ሳይሆን በስሙ ነው። የከተማቸውን ስም እንዳይወስዱ ተይዟል። የትኛውም ምግብ ቤት ገብተው «አምቦ» ቢሉ አስተናጋጁ ጠርሙስ ከፍቶ ይመጣል፤ ውሃው ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ አገር ምድሩን አዳርሷል። ወደ ምዕራብ ጥቂት ሄድ ብለው «ጉደር» እንዳይሉም ጉደር የወይን ጠጅ ነው። የባንድ ስም ደግሞ ሲጠራ ሌላ ነገር ቀድሞ ትዝ ካስባለ ገና ከጅምሩ ተሸነፈ ማለት ነው።

ወጣቶቹ ሊጫወቱ ያሰቡት ፓንክ ሮክ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ፓንክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክና ለንደን ላይ ሲነሳ፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያልገባና ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ወጣት ሦስት ኮርድ ከያዘ መድረክ መውጣት ይችላል ብሎ ነው። ዘፈኑ አጭር፣ ፈጣን፣ ቁጣ ያለበት ነው፤ ስሙም ይህንኑ ባሕርይ መያዝ አለበት። የለንደኑ «ዘ ክላሽ» ስሙን ያገኘው ቤዝ ተጫዋቹ ጋዜጣ ሲያነብ ግጭት የሚለው ቃል ደጋግሞ ስላጋጠመው ነው። የኒውዮርኮቹ «ራሞንስ» በሥጋ የማይዛመዱ ልጆች ሆነው ሳለ ሁሉም ራሞን የሚል አንድ የቤተሰብ ስም ወሰዱ። በአባቱ ስም ለሚጠራ ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለጓደኝነት ሲሉ አባት እንደመቀየር ነው።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚቀርበው የአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመሠረት አባላቱ ያንን ስም የመረጡት በአንድ ምክንያት ነው፦ ቀለም ይዞ ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢኖረው እንኳ ጽፎት እንዲሮጥ። ይህ ባንድ ኋላ ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያም ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አውጥቷል። ጌታቸው የጦረኛውን ሽለላ በሳክስፎን ያንቆረቆረ ሰው ነው። የሆላንድ ፓንኮች እሱ ዘንድ ያገኙት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ራሳቸው የሚፈልጉትን ግለት ነው ያገኙት።

በእኛ አገር የባንድ ስም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ሲባል ደመወዝ ከፋዩ በስሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል። በደርግ ዘመንም የኪነት ቡድኑ በቀበሌው፣ በአውራጃው፣ በክፍለ ሀገሩ ይጠራ ነበር። የምሽት ክበብ ባንድ ከሆነም እንደ ቬነስ የክበቡን ስም ይሸከማል። ሙዚቀኞች በራሳቸው መቆም ሲጀምሩ ግን ስሞቹም ተለወጡ። ዓለማየሁ እሸቴና ግርማ በየነ ከስማቸው ከፍለው «ዓለም-ግርማ» አሉ። ከዚያ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ መጡ፤ ሁለቱ የተራራ ፍየል፣ አንዱ የቀይ ባሕር ደሴት። አይቤክስም ኋላ የላሊበላን ጥንታዊ ስም ወስዶ ሮሃ ሆነ። የዋልያስ አባላት እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞሩ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩና ሌላ ባንድ አቋቋሙ፤ ስሙንም ከቀይ ባሕሩ ወደብ ወስደው «ዙላ» አሉት። በእኔ እምነት ከሁሉም አንጀት የሚበላው ይህ በሰው አገር የወጣው ስም ነው። ሮክን በአማርኛ ይዞ የመጣው ጃኖ ባንድ ደግሞ ጥለቱ ሰፊና ቀይ ከሆነው ጋቢ ስም ተውሶ የመጀመሪያ አልበሙን «ኤርታሌ» ብሏል። ልብሱም እሳተ ገሞራውም እዚሁ አገር ያሉ ናቸው።

አምቦ ያለችበት ምዕራብ ሸዋ ግን በባንድ ሳይሆን በሰው ስም ነው የገነነው። ድምፃዊው ሐጫሉ ሁንዴሳ አምቦ ተወልዶ፣ በ17 ዓመቱ ታስሮ፣ እዚያው አምቦ ወህኒ ቤት ውስጥ ዘፈን ሲጽፍ አምስት ዓመት ከርሞ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 «ሰኚ ሞቲ»ን አሳተመ። ስሙን አልለወጠም፤ የራሱና የአባቱ ስም በቂ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል ያ ስም የአንድ ትውልድ መጠሪያ ሆኖ ነበር። የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ የሆነው የጌራርሳ ባህል ራሱ እንዲህ ያለውን ሰው ያወጣል፤ ጌራርሳ የሚያሰማ ሰው ማንነቱን፣ ወገኑንና የዋለበትን ውሎ እየጠራ ነው የሚጀምረው። ፓንክ በጊታር ያደረገው ከዚህ አይርቅም።

ያም ሆኖ የኦሮምኛ ሙዚቃ ለቡድን ስም እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው አፍራን ቀሎ በሐረርጌ አራት ጎሳዎች ስም የተጠራ ነበር። ዓሊ መሐመድ ሙሳ የተባለው የቡድኑ ልጅ የመጀመሪያ ዘፈኑን «ቢራ» ብሎ ከዘፈነ በኋላ አድማጩ ራሱ ዓሊ ቢራ አለው። ሕዝብ ያወጣው ስም ከሁሉም ይጸናል።

ይህንን የአምቦ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ በንጉሡ ዘመን በይፋ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ሕዝቡ አምቦ ማለቱን አልተወም፣ ዛሬም አምቦ ናት። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣም ምኒልክ አዲስ ዓለም ያሏት ከተማ እጀሬ መባሏ አልቀረም።

እንግዲህ ወጣቶቹ ምን ይበሉ? የእንግሊዝኛ ስም ባይወስዱ እመርጣለሁ፤ የለንደን ፓንኮች የገዛ ሰፈራቸውን ቋንቋ ነው የጮኹበት። ስሙ በኦሮምኛም በአማርኛም አፍ ላይ መሰበር የለበትም፤ በፖስተር ላይ በቁቤም በፊደልም ተጽፎ መነበብ አለበት፤ የሠርግ መድረክ መሪ በተበላሸ ማይክ ቢጠራውም መሰማት አለበት። «ጅባት» ቢሉ ደኑም ተራራውም የቀድሞው አውራጃም ትዝ ይላል፤ ግን ከአውራጃ ጋር ተያይዞ የቢሮ ጠረን አለው። እኔ ብጠየቅ «ደንዲ» እላለሁ። የጊንጪ ልጅም የአምቦ ልጅም ያውቀዋል፤ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሁለት የተያያዙ ሐይቆች ናቸው። በፊደል ሦስት ሆሄ ነው፣ በቀለም ግድግዳ ላይ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።