ሳይታመሙ ስለ መክፈል

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ የሚሰበሰብበትና ካርድ የሚታደስበት ወራት በደረሰ ቍጥር፣ እዚህ ሱሉልታ በገበያውም በታክሲ ተራውም አንድ ዐይነት ክርክር ደጋግሜ ስለምሰማ፣ ስለ ነገሩ የማውቀውን በቅደም ተከተል ጽፌ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። አንዱ «ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ገንዘቤ ባከነ» እያለ ያማርራል፤ ሌላው ደግሞ «ይህ የድኻ ካርድ ነው፤ እኔ ገና ከነዳያን አልተቈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። የፊተኛው መዋጮውን እንደ ቍጠባ፣ የኋለኛው እንደ ምጽዋት ቈጥረውታል፤ መድኅኑ ግን ከሁለቱም አይደለም።

ቀድሞ ዐቅም የሌለው ሰው ሲታመም ያለው መንገድ፣ ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት መለመን፣ ይህም ካልተሳካ በሬውን ወይም ላሟን ሸጦ መታከም፣ ከዚያም ድኖ ሲመለስ በባዶ በረት መቀመጥ ነበረ። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የመድኅኑ ሙከራ ይህንን መከራ ለማቃለል የታሰበ ነው። ከእነዚያ ወረዳዎች አንዱ ሩቅ አልነበረም፤ በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው በጎጃም መንገድ ጫንጮንና ፍቼን ተሻግሮ ገርበ ጉራቻ ላይ የሚደረስበት የኩዩ ወረዳ ነው። በአማራ ክልልም ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። በዚያ በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ከአባላት መዋጮ 25 በመቶ ያህል ድጎማ ይጨምር ነበር፤ ፈጽሞ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸው ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባልነቱ በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ለመላው ቤተ ሰብ ስለሆነ፣ ጤነኛውን ልጅ ትቶ ሕመምተኛውን ብቻ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያለፈ ልጆች ካሉ ግን ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። የታመመ ሰው ካርዱን ይዞ በመጀመሪያ ውል ወደ ተያዘበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሕመሙ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል። ይህን ሥርዓት ዘልሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው መድኅኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንለትም። ከሀገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም አይሸፈኑም። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ግን፣ ካርድ ቢኖርም ባይኖርም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጡ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልመለስ። ዕድር በቀብር ማግሥት አዲስ አባል አይመዘግብም፤ ምክንያቱም ሁሉ ሞት ሲደርስበት ብቻ ቢመዘገብ ሣጥኑ በአንድ ወር ባዶ እንደሚሆን ሽማግሌዎቹ ያለ ምሁር ምክር ያውቁታል። የጤና መድኅንም በዚሁ ብልሃት የቆመ ነው። ጤነኞች «አልታመምንም» እያሉ በየዓመቱ ቢወጡና የሚቀሩት የስኳር፣ የደም ግፊትና የኵላሊት ሕሙማን ብቻ ቢሆኑ፣ የተሰበሰበው መዋጮ ለወጪው አይበቃም፤ ስለማይበቃም መዋጮው ይጨምራል፤ መዋጮው ሲጨምር ደግሞ ሌሎች ጤነኞች ይወጣሉ። በሩዋንዳ ተመሳሳዩ ማኅበረሰብ አቀፍ መድኅን በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ይህም እንዲህ ያለውን የጤነኞች መውጣት ይገታል። ስለዚህ ዘንድሮ ሳይታመም የከፈለ ሰው ገንዘቡ አልባከነበትም፤ የሌላውን ሕሙም ፈውስ ከፍሏል፤ ተራው በደረሰ ጊዜም ሌላው ይከፍልለታል።

ይሁን እንጂ በእኛ ከተማ ነገሩ የሚከብድበትን ስፍራ ልሸሽግ አልሻም። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች፤ ነዋሪዋም ከፊሉ ገበሬና ከብት አርቢ፣ ከፊሉ በአበባ እርሻና በውሃ ፋብሪካ ደመወዝተኛ፣ የቀረውም ጧት እንጦጦን ተሻግሮ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ የሚወርድ ነው። ይህ መድኅን የተሠራው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድኅን ዐዋጅ ቍጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዙ ሦስት ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ ቢታቀድም፣ ሥራው ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይጀመር ቆይቷል፤ በዚህም ምክንያት ትንሽ ደመወዝ ያለው የፋብሪካ ሠራተኛ ከገበሬው ጎረቤቱ ይልቅ ያለ መከታ የቀረበት ዘመን ረዘመ። አዲስ አበባ የሚውለውም ሰው እዚህ ያወጣው ካርድ ውል ባልተያዘበት ጤና ጣቢያ እንደማያገለግለው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል፤ ተከራይም ከሆነ ከመመዝገቡ በፊት የነዋሪነት መታወቂያውን ያስተካክል።

የመድኃኒት እጦትም እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ አባል ሆነው ሳለ «ከውጭ ግዙ» የተባሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እንዲህ ያለው ሲደርስባችሁ የመድኃኒት ማዘዣውንና የግዢውን ደረሰኝ ሳትጥሉ ያዙ፤ ወደ መድኅኑ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁም ውል ያለው መድኃኒት ቤት ወይም ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር እንዳለ ጠይቁ። ቃል ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ከበሩ ይመለሳል፤ ወረቀት የያዘ ግን መልስ ይጠብቃል።

በመጨረሻ የምለምናችሁ በዋናነት ጤነኞችንና ዐቅም ያላችሁን ነው። መክፈል የማይችሉት ሰዎች መዝገብ የሚዘጋጀው በአካባቢው ሰው ምስክርነት ነው፤ መዝገቡ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሥራ የሌላቸው ጥቂቶች ናቸው። ችግሯን ለመናገር የምታፍር ባልቴት ስሟ ከመዝገቡ የሚቀረው ሕጉ ስለከለከላት አይደለም፤ ተነሥቶ «እኔ አውቃታለሁ» የሚል ጎረቤት ስላጣች ነው። መዋጮውን ከመክፈል ባሻገር በዚያ ስብሰባ ተገኝቶ መመስከር የአባልነት ግዴታችን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ይህንንም ከእኛ በቀር ሊፈጽምልን የሚችል ጽሕፈት ቤት የለም።