አሮጌዋን ላንድ ክሩዘር እንወቃት

ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ያያል፤ ጠምዶም ይሞክረዋል። በሬው ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ጠባዩን ለማወቅ ጥቂት ቀን ያስፈልጋል። ያገለገለች መኪናም እንዲሁ ናት። በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ መኪና በማኅበር ገዝተን ወደ ቀበሌያችን ስናመጣ፣ የተከፈለው ገንዘብ የሁላችንም ነው። በክረምት ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የምታደርሰውም እርሷ ናት። ስለዚህ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን እኛም ልናውቃት ይገባል።

በገጠራችን ብዙ ጊዜ የምናየው የቶዮታ ላንድ ክሩዘርን ነው። 70 የሚባለው ዓይነት መሠራት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1984) ነው። ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ከተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ያለው በናፍጣ የሚሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ የ4.2 ሊትር ሞተር ነው። ጠንካራ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ባለ ጥርስ ቺንጋ አለ። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል አስማምቶ የሚያዞር እርሱ ነው። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ ይበላሻል። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» ቢል ወረቀት እንጠይቀው። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረን እናስቀይር። የቺንጋ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ማንበብ መቻላችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በመኪናዋ ብረት ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንድ በአንድ እናመሳክረው። ጎማም የተሠራበት ጊዜ ተጽፎበታል። በጎኑ ላይ አራት አሃዞች ለብቻቸው ተከበው ይገኛሉ። 2219 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ በዕድሜ ብዛት ይሰነጣጠቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከማርሹ አጠገብ ሌላ አጭር እጀታ አለ። መኪናዋ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወይም በአራቱም እንድትጎትት የሚያደርገው እርሱ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ደግሞ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እርሱ ካልተቆለፈ እጀታው ቢሳብም የፊት ጎማ አይጎትትም። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ትርጉሙን በአማርኛ ጽፎ ጋቢና ውስጥ መለጠፍ ጥሩ ነው።

በአራቱ ጎማ መጎተት ለጭቃ፣ ለአሸዋ፣ ለሚያንሸራትት ዳገት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይገባም። ለምን ቢባል፣ ጥማድ በሬዎች ከእርሻው ጫፍ ሲዞሩ እንያቸው። በውጭ በኩል ያለው በሬ ብዙ ይራመዳል፤ የውስጡ ጥቂት። ሁለቱ እኩል ካልተራመዳችሁ ተብለው ቢታሰሩ ቀንበሩ ይሰበራል። መኪናም ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በአራቱ ስትጎትት ግን የፊቱና የኋላው ተሳስረው እኩል ካልዞርን ይላሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልላል። አስፋልት ግን ጎማን ይዞ አይለቅም። ታዲያ መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ውሎ አድሮ አንዱ ይሰበራል።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለች መኪና የትም አትያዝም ይላል። ውሸት ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ ከተሽከረከረ ትቆማለች። ፍሬኗም ከሌላው አይበልጥም። ቁልቁለት ከመድረሷ በፊት አቁሞ ከባዱን ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ ይሻላል። ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ ከሥሯ ካርቶን እናንጥፍ። ጠዋት የተንጠባጠበውን እንይ። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ልኩ ይታይ። እንደ ውሃ ቀጥኖ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን ክዳኑ አይከፈት፣ ፊት ይልጣል። ወንዝ ከተሻገረች በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየር። ከጎማ ውስጠኛ ጎን ጥርት ያለ ወይም ቢጫማ ፈሳሽ ከወረደ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒክ ሳያያት መኪናዋ ከቆመችበት አትነሣ።