ዊልቸር ለሚጠቀሙ ስፖርተኞች የትንፋሽ ጡንቻ ልምምድ

ክንድ በልምምድ እንደሚጠነክር ሁሉ የምንተነፍስባቸው ጡንቻዎችም ይጠነክራሉ። ዋነኛው ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም ነው። ነርቮቹ ከአንገት ስለሚነሱ፣ አከርካሪው ከአንገት በታች የተጎዳ ሰው ድያፍራሙ ይሠራል፤ የጎድንና የሆድ ጡንቻዎቹ ግን ሊደክሙ ይችላሉ። ያኔ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳል አቅም ያጣል፣ አክታም ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የሳንባ ምች የሚበረታባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ልምምዱ የሚሠራው አየር ሲሳብ በሚያከብድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የተለመደው መጠን 30 ትንፋሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጥናት ልምምዱ የተጫዋቾቹን ፍጥነት አልጨመረም። ስለዚህ ዋናው ጥቅሙ ዋንጫ ሳይሆን የጡንቻው ብርታት ነው።

አስም ያለበት ወይም በቅርቡ ደረቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ልምምዱ ሲያዞር ይቁም።

በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ዊልቸር የሚጠቀም ልጃችሁ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ከታየበት ሳል የሚያስቆም ሽሮፕ ገዝታችሁ አትጠብቁ። አክታውን የሚያወጣው ሳሉ ነውና፣ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።