ከምረቃ በኋላም የሚያስፈልግ ትስስር

ተመራቂው ጋዋኑን መልሶ ከግቢ ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን የሚያስታውሰው ትራንስክሪፕት ሲያስፈልገው ነው። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጃችን የሰማውን እኛም ሰምተነዋል፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው፣ በሌላ ትምህርት ክፍል ተምሮ ዛሬ ሐዋሳ ወይም ዱባይ ከሚሠራው ምሩቅ ነው።

«የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃናል» የሚሉ አሉ። ለሐዘንና ለሠርግ ለመጠራራት በእርግጥ ይበጃል፤ የ1980ዎቹን ምሩቅ ከዘንድሮው ጋር ግን አያገናኝም። ይህን ማድረግ የሚችለው መዝገቡ በእጁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከበድ ያለው ስጋት ሌላ ነው፦ ትውውቅ ሥራ የሚያስገኝ ከሆነ አድልዎን አያስፋፋም ወይ? መረጃው በጥቂቶች እጅ ከተደበቀ፣ አዎ። በግልጽ የሚሰራጭ የምሩቃን ዜና ግን ከተማ ውስጥ ዘመድ ለሌለው የገበሬ ልጅም እኩል ይደርሳል። ትስስሩ ለዩኒቨርሲቲውም ይጠቅማል። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሲሆን፣ የራሱን ገቢ የማፈላለግ ኃላፊነትም ተጨምሮበታል፤ ዓይኑን ወደ ምሩቃኑ መጣሉ አይቀርም። ለዓመታት «እንዴት ነህ?» ያልተባለን ሰው በመጀመሪያው ደብዳቤ ገንዘብ መጠየቅ ግን አያስኬድም። አድራሻ ማደስና ዜና ማድረስ ከመዋጮ ጥያቄ በፊት ይምጣ።